ሁለቱ ቀይ መስመሮች የሚያዩት ምንድን ነው? የበርንሃርድ ዞንዴክ ምርምርና የእርግዝና ሆርሞን

ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዛው የእርግዝና መመርመሪያ ስትሪፕ ከአንድ ጣት ብዙም የማይረዝም ቀጭን ወረቀት ነው። ጫፉ ሽንት ውስጥ ይነከራል። እርጥበቱ ወረቀቱን ተከትሎ ቀስ እያለ ሲሄድ መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ ደመና የመሰለ ነገር መሐሉን አቋርጦ ያልፋል፤ ደመናው ሲጠራ አንድ ወይም ሁለት ቀይ መስመሮች ቀርተው ይታያሉ። አንድ ከሆነ «የለም»፣ ሁለት ከሆነ «አለ» ይባላል። ያንን ጥቂት ደቂቃ በጉጉትም ሆነ በጭንቀት የጠበቀ ሰው ስትሪፑ እርግዝናን እንዳየ አድርጎ ቢወስደው አያስገርምም። ይሁን እንጂ ስትሪፑ ፅንስን አያይም፤ ማህፀንንም አያይም። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ኤች ሲ ጂ የሚባለው ሆርሞን በሽንቱ ውስጥ መኖሩን ነው።

በእርግዝናና በእርግዝና ሆርሞን መካከል ያለው ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም የሰው ሕይወት የሚያስጠፋበት ጊዜ አለ። ልዩነቱን በሚገባ ለመረዳት ደግሞ ጉዳዩን ከሥሩ መከተል ይሻላል፤ ሥሩም በርንሃርድ ዞንዴክ የተባሉ ሐኪም በበርሊን ጀምረው በኢየሩሳሌም የጨረሱት የዕድሜ ልክ ምርምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆርሞን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሆርሞን አንዱ የሰውነት ክፍል ሠርቶ በደም በኩል ለሌላው የሚልከው መልእክት ነው። መልእክቱን የሚያመነጩት ክፍሎች ዕጢዎች ይባላሉ፤ ዕጢዎችንና መልእክቶቻቸውን የሚያጠናው የሕክምና ዘርፍ ኢንዶክሪኖሎጂ ነው። በአማርኛ «ዕጢ» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው እባጭን ወይም ካንሰርን ስለሆነ፣ እዚህ የምንናገረው በጤነኛ ሰው ሁሉ ውስጥ ስላለ የተፈጥሮ ክፍል መሆኑን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ደም ወደ መላው ሰውነት ስለሚደርስ ሆርሞኑም በሁሉም ቦታ ያልፋል፤ የሚታዘዝለት ግን ያን መልእክት የሚቀበል አካል ብቻ ነው። የዕድር ጥሩምባ ነፊ ማለዳ በሠፈሩ ሲዞር ድምፁን የማይሰማ የለም፤ ነጠላውን ለብሶ ወደ ለቅሶ ቤት የሚሄደው ግን የዚያ ዕድር አባል ነው። የሆርሞን አሠራርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለመውለድ ከሚያስፈልጉት ሆርሞኖች ዋና ዋናዎቹ በሁለት እርከን ይሠራሉ። ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለችው፣ አተር የምታክለው ፒቱታሪ ዕጢ የላይኛው አዛዥ ናት። ከእርሷ የሚወጡት ሆርሞኖች በሴት የዕንቁላል ማመንጫዎችን፣ በወንድ የዘር ፍሬዎችን ያነቃቃሉ፤ እነዚህ ደግሞ በተራቸው ኤስትሮጅንን፣ ፕሮጄስትሮንንና ቴስቶስትሮንን ያመርታሉ። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ይህ ቅደም ተከተል በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ገና አልታወቀም ነበር።

ዞንዴክ ማን ነበሩ? ጥያቄያቸውስ ምን ነበር?

በርንሃርድ ዞንዴክ በ1891 ያኔ በጀርመን፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ቭሮንኬ በተባለች ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በበርሊን ሕክምና ተምረው በ1919 ተመረቁ፤ ከዚያም በታዋቂው የሻሪቴ ሆስፒታል የሴቶች ክሊኒክ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሆነው ይሠሩ ጀመር። ወንድሞቻቸው ሄርማንና ሳሙኤልም ሐኪሞች ነበሩ፤ ሄርማን ራሳቸው የታወቁ የዕጢዎች ሊቅ ናቸውና በቆዩ ጽሑፎች ውስጥ «ዞንዴክ» የሚለውን ስም ሲያገኙ የትኛው እንደሆነ ማጣራት ይገባል።

በሻሪቴ የሴቶች ክሊኒክ ቤተ ሙከራውን ይመሩ ከነበሩት፣ በዕድሜ አሥራ ሦስት ዓመት ከሚበልጧቸው ከዜልማር አሽሃይም ጋር ተጣመሩ። ሁለቱ የያዙት ጥያቄ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፦ የዕንቁላል ማመንጫው መሥራት የሚጀምረው በራሱ ጊዜ ነው ወይስ አዛዥ አለው? አዛዥ ካለውስ የት ነው ያለው?

መልሱን ለማግኘት ገና ለአቅመ መራባት ያልደረሱ ሴት አይጦችን ወሰዱ። የልዩ ልዩ አካላትን ቁራጮች በአይጦቹ ሰውነት ውስጥ ሲተክሉ የፒቱታሪ የፊተኛው ክፍል ቁራጭ የተለየ ውጤት አመጣ፤ አራት ቀን ባልሞላ ወይም እምብዛም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የጫጩቷ አይጥ የዕንቁላል ማመንጫ እንደ ትልቅ አይጥ በሰለ። ይህ የሆነው በ1926 ነው። በዚያው ጊዜ በአሜሪካ ፊሊፕ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪ በሌላ መንገድ ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። ዞንዴክ ፒቱታሪን የመራቢያ አካላት ሞተር ይሏት ነበር፤ አባባሉ እስከ ዛሬ ትክክል ነው፤ በዘመናችን የተጨመረው፣ ሞተሯን የሚያስነሳው ቁልፍ ከእርሷ በላይ አንጎል ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው።

አይጧ እርግዝናን የምታሳየው እንዴት ነበር?

ሁለቱ ሐኪሞች ቀጥለው የጠየቁት ይህ የሚያበስል ነገር በደምና በሽንት ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ነበር። በነፍሰ ጡር ሴቶች ሽንት ውስጥ ያገኙት መጠን ከጠበቁት እጅግ የላቀ ሆነባቸው፤ ያውም እርግዝናው በሆድ መግፋት ከመታወቁ ብዙ ሳምንታት በፊት ነው። በ1927 ግኝቱን አስታወቁ፤ በ1928 የምርመራውን አሠራር በዝርዝር አሳተሙ። ምርመራው በሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት በአሕጽሮት «ኤ ዜድ» ተብሎ በዓለም ተሠራበት።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ መመልከት ጠቃሚ ነው። ሴትየዋ ከእንቅልፏ ስትነሳ የመጀመሪያውን ሽንት ታመጣለች፤ ሌሊቱን የተጠራቀመ ሽንት የበለጠ ስለሚወፍር ነው። ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት የሆነ፣ እያንዳንዳቸው ከ6 እስከ 8 ግራም የሚመዝኑ አምስት ሴት አይጦች ይዘጋጃሉ። አምስት የሚሆኑበት ምክንያት ሽንቱ ራሱ መርዝ ሆኖ አንዳንዶቹን ሊገድል ስለሚችል ነው። ሽንቱ በሁለት ቀን ውስጥ በስድስት መርፌ ተከፋፍሎ ይሰጣቸዋል። ከመጀመሪያው መርፌ ወደ 100 ሰዓት ገደማ ሲሞላ አይጦቹ ተገድለው ሆዳቸው ይከፈታል፤ ሐኪሙም የዕንቁላል ማመንጫቸውን በዓይኑ ወይም በማጉያ መነጽር ይመረምራል። የሚፈልገው የመርፌ ራስ በሚያህለው በዚያ አካል ላይ ጠቆር ያሉ ጥቃቅን የደም ነጥቦችን ነው። ነጥቦቹ ካሉ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት ይባላል። በጥንቃቄ ሲሠራ ምርመራው ከመቶ ወደ 98 ያህሉን በትክክል ይለይ ነበር።

ዞንዴክ የአይጧን ምላሽ በሦስት ደረጃ ከፍለውት ነበር፤ ለእኔ የሐኪሙ ጥንቃቄ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዕንቁላል የያዙት ከረጢቶች ማበጥ፣ ሁለተኛው የደም ነጥቦቹ፣ ሦስተኛው ቢጫ አካል የሚባለው ነገር መፈጠር ነው። የመጀመሪያው ምላሽ ብቻውን ለእርግዝና ማስረጃ እንደማይሆን አስጠንቅቀዋል፤ ምክንያቱም የወር አበባቸው በዕድሜ የተቋረጠ ሴቶች ሽንትም ያንኑ ሊያመጣ ይችላል። በዚህም ሁለት የተለያዩ የፒቱታሪ ሆርሞኖች መኖር አለባቸው ብለው ፕሮላን ኤና ፕሮላን ቢ የሚል ስም ሰጧቸው፤ ዛሬ ሐኪሞች ኤፍ ኤስ ኤችና ኤል ኤች የሚሏቸው ናቸው።

ኋላ ላይ በአሜሪካ በአይጥ ፋንታ ጥንቸል፣ ከዚያም ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ጥፍራም እንቁራሪት ተተካች። እንቁራሪቷ ሳትገደል ሽንቱ በተወጋች በሰዓታት ውስጥ ዕንቁላል ስለምትጥል ደጋግሞ መጠቀም ይቻል ነበር። ጥንቸሏ ከሞተች እርግዝና አለ ማለት ነው የሚለው በምዕራባውያን ዘንድ የተለመደ አባባል ግን ስህተት ነው፤ መልሱ ምንም ይሁን ምን ጥንቸሏ ለምርመራው ትገደል ነበር።

ሆርሞኑ በእርግጥ ከፒቱታሪ ነበር የሚመጣው?

አልነበረም። ምርመራው ትክክል ሆኖ ሳለ ማብራሪያው የተሳሳተ ነበር። ዞንዴክና አሽሃይም በሽንቱ ውስጥ ያገኙት ነገር የፒቱታሪን ሥራ ስለሚሠራ ከፒቱታሪ የመጣ መስሏቸው ነበር፤ ቀደም ብለው ካገኙት ነገር ጋር ሲታይ ሐሳቡ ምክንያታዊ ነበር። ጥርጣሬው በሌሎች ዘንድ ቢነሳም ቁርጥ ያለው ማስረጃ የመጣው በአሜሪካ ባልቲሞር ከጆንስ ሆፕኪንስ ነው። ጆርጅያና ሲገር የተባሉ ወጣት ሐኪም ከጆርጅ ጋይ ጋር ሆነው የእንግዴ ልጅን ሕዋሳት ከሰው አካል ውጪ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አሳደጉ፤ ሕዋሳቱ በአቅራቢያቸው ምንም ፒቱታሪ ሳይኖር ሆርሞኑን ማምረታቸውን ቀጠሉ። ውጤቱ በ1938 ታተመ። ጋይ ከዓመታት በኋላ ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች የካንሰር በሽተኛ የተወሰዱትን ታዋቂ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ያሳደጉት ሰው ናቸው፤ ሲገር ደግሞ ከባለቤታቸው ከሃዋርድ ጆንስ ጋር በ1981 በአሜሪካ የመጀመሪያው ከሰውነት ውጪ በቤተ ሙከራ በተደረገ ፅንሰት የተገኘ ሕፃን እንዲወለድ ያበቁ ሐኪም ሆኑ።

ኤች ሲ ጂ በሚለው ስም ውስጥ «ሲ» የሚያመለክተው ይህንኑ እርማት ነው፤ ኮርዮን የሚባለውን፣ ኋላ እንግዴ ልጅ የሚሆነውን የፅንሱን ሽፋን። እንግዴ ልጁ ይህን ሆርሞን ለምን ይሠራል ከተባለ፣ መልሱ የወር አበባን ለማስቀረት ነው ማለት ይቻላል። ዕንቁላል ከወጣ በኋላ የወጣበት ከረጢት ወደ ቢጫ አካልነት ተለውጦ ፕሮጄስትሮን ያመርታል፤ ፕሮጄስትሮን የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ደግፎ ይይዛል። ቢጫው አካል የሚቆየው ለሁለት ሳምንት ያህል ነው። ከዚያ ሲሟሽሽ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ግድግዳው ይረግፋል፣ የወር አበባ ይመጣል። ፅንስ ከተጸነሰ ግን ዕንቁላል ከወጣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ በማህፀኑ ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ወዲያው ኤች ሲ ጂ መላክ ይጀምራል። የመልእክቱ ይዘት ለቢጫው አካል «ሥራህን አታቁም» የሚል ነው። እንግዴ ልጁ ጎልምሶ ፕሮጄስትሮንን ራሱ ማምረት እስኪችል፣ ይኸውም እስከ ሰባተኛውና ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ድረስ፣ እርግዝናው የሚቆመው በዚህ ትእዛዝ ነው።

ሆርሞኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ በእጥፍ ይጨምራል፤ ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ይወርዳል። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ስለ ስትሪፑ የሚነሱ ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልሳቸው እዚህ ላይ ነውና።

ዞንዴክ ከበርሊን ለምን ወጡ? ከዚያስ ምን ሠሩ?

ዞንዴክ በ1929 በበርሊን የሽፓንዳው ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሹመው ነበር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን እንደያዙ አይሁድ በመሆናቸው ከሥራቸው ተባረሩ። ለጥቂት ጊዜ በስዊድን ስቶክሆልም ከሠሩ በኋላ በ1934 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ በሐዳሳ ሆስፒታልም የክፍል ኃላፊ ሆኑ። አሽሃይምም ጀርመንን ለቀው ወደ ፓሪስ ተሰደዱ፤ በዚያም በ1965 አረፉ።

ስደቱ ምርምራቸውን አላቋረጠውም። በ1934 ያሳተሙት አንድ አጭር ጽሑፍ ዛሬም የሚያነጋግር ነው። ኤስትሮጅን የሴት ሆርሞን ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ዞንዴክ በድንጉላ ፈረስ ሽንት ውስጥ እጅግ ብዙ ኤስትሮጅን አገኙ። ወንድነቱ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እንስሳ የሴት የሚባለውን ሆርሞን በብዛት የሚያወጣ ከሆነ፣ «የወንድ» እና «የሴት» የሚለው የሆርሞኖች አከፋፈል ልክ አይደለም ማለት ነው። በእርግጥም ዛሬ እንደምናውቀው ሁለቱም ጾታዎች ሁሉንም ሆርሞኖች ያመርታሉ፤ የሚለያዩት በመጠኑ ነው፤ የወንድ ሰውነትም ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል፣ ለአጥንቱ ጥንካሬም ያስፈልገዋል። «የሴት ሆርሞን በዝቶበታል» የሚለው በየመንደሩ የሚነገር ፍርድ ከሳይንሱ ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የቀረ ነው።

በ1942 ደግሞ የወር አበባቸው ለቀረ ሴቶች ፕሮጄስትሮንን ለጥቂት ቀናት ሰጥቶ በማቆም ደም እንዲመጣ ማድረግ እንደሚቻል አስረዱ። የማህፀን ሐኪሞች የወር አበባ የቀረችን፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሲመረምሩ ይህንኑ ዘዴ ዛሬም ይጠቀሙበታል። ደም ከመጣ ማህፀኑም ኤስትሮጅኑም አለ፤ የጎደለው ዕንቁላል በጊዜው መውጣቱ ነው ማለት ነው።

የሐዳሳ ሆስፒታል በ1939 የተከፈተበት የስኮፐስ ተራራ በ1948ቱ ጦርነት ከከተማው ተቆርጦ በመቅረቱ የሕክምና ክፍሎቹ በከተማው ውስጥ ወዳሉ ልዩ ልዩ ሕንፃዎች ተበተኑ። ዛሬ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የሚያውቁት የዓይን ከሬም ሐዳሳ የተከፈተው በ1961 ነው፤ ዞንዴክ ጡረታ የወጡትም በዚሁ ዓመት ነበር። በ1958 የእስራኤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፤ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ አረፉ።

ከአይጥ ወደ ወረቀት እንዴት ተደረሰ?

አይጧን ያሰናበቷት በ1960 ሌይፍ ቪዴና ካርል ጌምዝል የተባሉ ስዊድናውያን ናቸው፤ ዞንዴክ ይህን በሕይወት ሳሉ አይተዋል። የእነርሱ ምርመራ በሕይወት ባለ እንስሳ ፋንታ አንቲቦዲ ይጠቀማል። አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው፣ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው ፕሮቲን ነው። ጥንቸል ውስጥ የሰው ኤች ሲ ጂ ቢወጋ ጥንቸሏ ያንን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ታመርታለች፤ ያ አንቲቦዲ ተወስዶ ለምርመራ ይውላል። አምስት ቀን ይፈጅ የነበረው ነገር ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ወረደ።

አንድ ትልቅ ችግር ግን ቀረ። ኤች ሲ ጂ ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ከሌሎች ሦስት ሆርሞኖች፣ ማለትም ከኤፍ ኤስ ኤች፣ ከኤል ኤችና የታይሮይድ ዕጢን ከሚያዝዘው ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት ነው። የእኛን የስም አወጣጥ ማሰብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አራት ወንድማማቾች የአባታቸው ስም አንድ ነው፤ የራሳቸው ስም ግን ይለያያል። ከበር ቆሞ በአባት ስም ብቻ የሚጣራ ሰው የትኛው እንደሚወጣለት አያውቅም። የቀደሙት አንቲቦዲዎች የአባቱን ስም ጭምር ይጠሩ ስለነበር ኤል ኤች ሲበዛ በስህተት «እርግዝና አለ» ይሉ ነበር። በ1972 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጁዲት ቫይቱካይቲስና ባልደረቦቻቸው የሆርሞኑን የራሱን ስም፣ ቤታ የሚባለውን ክፍል ብቻ የሚለይ አንቲቦዲ ሠሩ። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ቤታ ኤች ሲ ጂ» ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ የተነሳ ነው። በ1975 ደግሞ አንድ ዓይነት አንቲቦዲን ያለማቋረጥ በብዛት የማምረት ዘዴ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ተገኘ፤ በ1988 ዛሬ በእጃችን ያለው ዓይነት፣ አንድ ጊዜ ነክሮ መልስ የሚሰጥ መመርመሪያ ገበያ ላይ ዋለ።

ስትሪፑ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ሆርሞኑን ባለ ሁለት እጀታ ዘንቢል ነው ብለን እናስብ። በወረቀቱ መነሻ አካባቢ ቀይ ቀለም የተሸከሙ አንቲቦዲዎች ደርቀው ተቀምጠዋል፤ ሽንቱ ሲያረጥባቸው ተነስተው አብረውት ይፈስሳሉ፣ ሆርሞን ካገኙም አንዱን እጀታ ይይዛሉ። መጀመሪያ ላይ ያየነው ቀይ ደመና ይህ ጉዞ ነው። መንገዱ ላይ፣ የምርመራው መስመር ባለበት ቦታ፣ ከወረቀቱ ጋር የተጣበቁና ሁለተኛውን እጀታ የሚይዙ ሌሎች አንቲቦዲዎች አሉ። ዘንቢሉ ካለ ከሁለት በኩል ይያዛል፤ ቀዩ ቀለም እዚያው ይቆማል፤ መስመር ይሆናል። ዘንቢል ከሌለ ቀለሙን የተሸከሙት የሚያስቆማቸው ነገር ስለሌለ አልፈው ይሄዳሉ። ወደ መጨረሻው ያለው ሁለተኛው መስመር ግን ሆርሞን ኖረም አልኖረም ቀለም ተሸካሚዎቹን ራሳቸውን የሚይዝ ነው፤ ሥራው ሽንቱ በትክክል መድረሱንና ስትሪፑ መሥራቱን ማረጋገጥ ነው። ይህ መስመር ካልወጣ ውጤቱ «የለም» አይደለም፤ ስትሪፑ ተበላሽቷል፣ በሌላ መደገም አለበት። በጤና ኬላዎች የሚሠራበት የወባ ፈጣን ምርመራም በዚሁ መርህ የተሠራ ነው።

እርግዝና እያለ «የለም» የሚለው መቼ ነው?

ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ጊዜው ሳይደርስ መመርመር ነው። ስትሪፖቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚለዩት በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ 25 ሚሊ ዩኒት ያህል ሆርሞን ሲኖር ነው። ፅንሱ ዘግይቶ ከተጣበቀ የወር አበባ በቀረበት ዕለት እንኳ መጠኑ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል፤ በእጥፍ የሚጨምር ነገር በመሆኑ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ መድገም መልሱን ይለውጠዋል። የጠዋት ሽንት የሚመረጠው፣ ከምርመራው በፊትም ብዙ ውኃ መጠጣት የማይመከረው፣ በአይጧ ዘመን በነበረው በዚያው ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚሰጠውን የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ስለሚቀር ወይም ስለሚዛባ የቀረበትን ቀን መቁጠር አይችሉም፤ እንዲህ ላለው ሁኔታ መከላከያ ካልነበረው ግንኙነት በኋላ ሦስት ሳምንት ቆጥሮ መመርመር ይሻላል። መርፌውም ሆነ እንክብሉ የስትሪፑን መልስ አይለውጡም፤ ኤች ሲ ጂ የለባቸውምና። ስትሪፑ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ከቆየ በኋላ የሚወጣ ደብዛዛ ጥላም መልስ አይደለም፤ ሽንቱ ሲደርቅ የተወው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለት መስመር ወጥቶ አደጋው ሌላ ቦታ የሚሆንበትም አለ። ፅንሱ ከማህፀን ውጪ፣ በተለይ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ሲጣበቅም ሆርሞኑን ይልካል። ስትሪፑ የት እንዳለ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ምርመራው «አለ» ካለ በኋላ በአንድ ወገን የሚጠና የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ከመጣ «እርግዝናው ነው፣ ያልፋል» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ በዚያው ዕለት አልትራሳውንድ ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቱቦው ከፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጪ የሚታየው ደም ትንሽ ሆኖ ሴትየዋ ልትሞት ትችላለች።

ፅንስ ሳይኖር «አለ» ሊል ይችላል?

ይችላል። ውርጃ ወይም ወሊድ ካለፈ በኋላ ሆርሞኑ ከሰውነት እስኪጠራ ሳምንታት ይፈጃል። ለመካንነት ሕክምና ዕንቁላል እንዲወጣ ራሱ ኤች ሲ ጂ በመርፌ ስለሚሰጥ፣ መርፌውን የወሰደች ሴት ቸኩላ ብትመረመር የምታየው መርፌውን ነው። ዞንዴክም በ1930 ገደማ የዘር ፍሬ ካንሰር የያዛቸው ወንዶች ሽንት አይጧን እንደሚያበስላት አሳይተዋል፤ እነዚህ ዕባጮች አንዳንዶቹ ኤች ሲ ጂ ያመርታሉ። የካንሰር ሐኪሞች የዘር ፍሬው ያበጠበትን ወንድ ዛሬም «ቤታ ኤች ሲ ጂ» የሚያዙለት ለዚህ ነው፤ ወረቀቱን አይቶ ላቦራቶሪው የተሳሳተ የመሰለው በሽተኛ ሊያፍርም ሊቆጣም አይገባም።

በሴቶች ደግሞ ሞላር እርግዝና የሚባል አለ፤ ፅንሱ ሳያድግ እንግዴ ልጁ ብቻ እንደ ወይን ዘለላ ይንዠረገጋል። ሆርሞኑ ከመደበኛ እርግዝና እጅግ ሊበልጥ ይችላል፤ በጣም ሲበዛ ሁለቱን የአንቲቦዲ ወገኖች ለየብቻ ስለሚያጥለቀልቅ፣ አንድ ዘንቢል በሁለት እጅ መያዙ ይቀርና ስትሪፑ በተቃራኒው «የለም» ሊል የሚችልበት ጊዜም አለ። ሞላር እርግዝና ከተጠረገ በኋላ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ይህ ካንሰር በ1950ዎቹ በአሜሪካ ሚን ቹ ሊና ሮይ ኸርትዝ ሜቶትሬክሴት በተባለ መድኃኒት እስኪያድኑት ድረስ ብዙዎችን ይገድል ነበር። ሊ ዕባጩ ከዓይን ከጠፋ በኋላም በሽንት ውስጥ ሆርሞኑ ጨርሶ እስኪጠፋ ሕክምናውን ቀጠሉ፤ ባልደረቦቻቸው አላስፈላጊ መድኃኒት መስጠት ነው ብለው ተቃወሟቸው፣ ሥራቸውንም ለቀው ለመሄድ ተገደዱ። ቆይቶ እንደታየው በሽታው ያልተመለሰባቸው ሆርሞናቸው ጨርሶ እስኪጠፋ የታከሙት ናቸው።

ሞላር እርግዝና የተጠረገላት ሴት ለወራት የደም ምርመራ እንድትመላለስ፣ በዚያ ጊዜም እንዳታረግዝ መከላከያ እንድትጠቀም የሚነገራት ከዚህ የተነሳ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ምክር «መውለድ ከለከሉን» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ የሚከታተለው ሆርሞኑ እየወረደ መሄዱን ነው። በመሐል አዲስ እርግዝና ቢፈጠር ቁጥሩ እንደገና ይወጣል፤ ያን ጊዜ የወጣው ቁጥር ከጤናማው ፅንስ ይሁን ከተመለሰው በሽታ ምርመራው መለየት አይችልም፤ ሆርሞኑ አንድ ነውና። ቁጥሩ ወርዶ የመጠበቂያው ጊዜ ሲያበቃ ማርገዝ ይፈቀድላታል፤ ከእነዚህ ሴቶች አብዛኞቹም ኋላ ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ።